ራኬት ሲገዙ ክንድዎን ያስታውሱ

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስጦታ ብዙውን ጊዜ መልኩ ያማረ ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ የሚኖር አጎት ለዒድ ወደ አገር ቤት ሲመጣ፣ ሜዳ ቴኒስ ለጀመረው የአሥራ ሁለት ዓመት የእኅቱ ልጅ በቴሌቪዥን የሚያየውን የታላቅ ተጫዋች ራኬት ይዞለት ይመጣል። ልጁ በደስታ ይፈነጥዛል፤ እናት ወንድሟን ትመርቃለች። ከሁለት ወር በኋላ ግን ልጁ ክርኑን ሲነኩት እጁን መሰብሰብ ይጀምራል። የውኃ ጆግ ማንሳት ያመዋል፤ የበር እጀታ ማዞር ያመዋል። ራኬቱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ይወጣል፤ ልጁም ጨዋታውን ይተዋል። ስጦታው ውድ ነበር፤ የአጎትየውም ልብ ንጹሕ ነበር። የጎደለው ራኬቱ ለምን ዓይነት እጅ እንደተሠራ የጠየቀ ሰው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ሜዳ ቴኒስ አባት ከልጁ፣ እኅት ከእኅቷ ጋር ሊጫወቱት የሚችሉት ጨዋታ ነው። እግር ኳስ በሠላሳ አምስት ዓመትዎ ሲያሰናብትዎ ቴኒስ በስድሳ ዓመትዎም ይቀበልዎታል። ይሁን እንጂ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ከተጫዋቹ ጋር ካልተስማማ የሚያስከትለው ጉዳት በጨዋታው መሸነፍ ብቻ አይደለም። በመሆኑም በዚህ ጽሑፋችን ራኬትና ክር እንዴት እንደሚመረጡ፣ በተለይም እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ ላይ ለሚጫወት ሰው ምን እንደሚበጀው በዝርዝር ለማየት እንሞክራለን።

ከእንጨት ወደ ግራፋይት

ራኬት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሁለት ዕቃ ነው፤ ፍሬሙ አንድ፣ ክሩ ሌላ። ሰዎች ገንዘባቸውን በሙሉ ለፍሬሙ ያወጡና ክሩን ይረሱታል። ሆኖም ኳሱን የሚነካው ክሩ ነው። ንክኪውም የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ሺኛ እጅ አራት ወይም አምስቱን ብቻ ነው። ኳሱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ምን ያህል እንደሚሽከረከር፣ ለክንዳችንም ምን ያህል ንዝረት እንደሚተርፈን የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ነው።

ቀደም ባለው ዘመን ፍሬም ማለት እንጨት ነበር። የእንጨት ራኬት ራስ ስፋቱ 65 ካሬ ኢንች ያህል ነበረ፤ ከባድና ጠባብ ስለነበረ ኳሱን በትክክል በመካከሉ ያልመታ ሰው ወዲያው ይቀጣ ነበር። ከብረት የተሠራው የዊልሰን ቲ2000 እ.ኤ.አ. በ1967 ገበያ ላይ ዋለ፤ ጂሚ ኮነርስም በእርሱ ታወቀበት። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሃዋርድ ሄድ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሄድ ቀደም ሲል በብረት የበረዶ መንሸራተቻ ሥራው ስም ያተረፈ ሰው ሲሆን፣ በጡረታ ዘመኑ ቴኒስ መጫወት ጀምሮ አልሆንልህ ቢለው ጥፋቱን በራሱ ላይ ብቻ አላደረገም፤ ራኬቱን መረመረ። ኳስ ከመካከል ወጣ ብሎ ሲያርፍ ራኬቱ በእጅ ውስጥ እንደሚጠመዘዝ፣ ራሱ ሰፋ ቢል ግን መጠምዘዙ እንደሚቀንስ ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1976 ፕሪንስ በተባለው ኩባንያ ስም የወጣው ራኬት ስፋቱ 110 ካሬ ኢንች ገደማ ነበር። ብዙዎች የአሮጊቶች ራኬት ነው ብለው ሳቁበት። በ1978 ግን ፓም ሽራይቨር በአሥራ ስድስት ዓመቷ ይህንኑ ይዛ ለአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ስትደርስ ሣቁ ጸጥ አለ። ጆን ማኬንሮ በ1981 ዊምብልደንን፣ አባቱ ካሜሩናዊ የሆነው ያኒክ ኖዋም በ1983 ሮላን ጋሮስን በእንጨት ካሸነፉ በኋላ እንጨት ከታላላቁ ሜዳ ተሰናበተ። ዛሬ ደህና ራኬት የሚባለው ከካርቦን ጭረት፣ ማለትም ከግራፋይት፣ በአንድ ወጥ የተሠራ ነው።

የራስ ስፋትና ክብደት

በዛሬው ገበያ የራስ ስፋት ከ95 እስከ 115 ካሬ ኢንች ይደርሳል። ጀማሪ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ከ102 እስከ 110 ያለውን ቢይዝ ይሻለዋል። ደህና የለመደ ሰው 100 ወይም 98 ይበቃዋል። ከዚያ የሚያንሰው ኳሱን ሁልጊዜ በመካከል ለሚመታ ሰው የተተወ ነው። በዚህ ረገድ ኩራት የሚያስከትለውን ጥፋት ብዙ ጊዜ ታዝበናል። ሰዎች ትንሽ ራስ ያለውን ራኬት የጎበዝ ምልክት ያደርጉታል። ሮጀር ፌደረር እንኳ ለዓመታት የያዘውን 90 ካሬ ኢንች ትቶ በ2014 ወደ 97 ተሸጋግሯል፤ በ2017 የአውስትራሊያ ኦፕንንና ዊምብልደንን ያነሣውም በሰፊው ነው። እርሱ ያላፈረበትን እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም።

ክብደትን በተመለከተ ክር ሳይወጠርበት ከ255 እስከ 285 ግራም ያለው ቀላል፣ እስከ 305 ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ይባላል። ክሩ ሲገባ ከ15 እስከ 18 ግራም ይጨምራል። ሱቅ ውስጥ ያለ ገዢ ሁሉ ቀላሉን አንሥቶ "ይሄ ይመቻል" ይላል። ሱቅ ውስጥ ግን ኳስ አይመጣም። ሜዳ ላይ ፈጣን ኳስ ሲያርፍበት በጣም ቀላሉ ራኬት ይገፋል፤ የቀረውን ኃይል የሚቀበለው ክንድ ነው። ከባዱ ደግሞ ኳሱን በራሱ ክብደት ይሸከማል፤ በሁለተኛው ሰዓት ግን ትከሻን ያዝላል። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ሳያዘገይዎ ሊወዘውዙት ከሚችሉት ውስጥ ከበድ ያለውን ይምረጡ። ለአዋቂ ወንድ 285 እስከ 300 ግራም፣ ለሴትና ለወጣት 260 እስከ 285 ግራም መነሻ ቢሆን መልካም ነው።

ከክብደቱ ጋር ሚዛኑም መታየት አለበት። መዶሻና ቢላ እኩል ቢመዝኑ እንኳ በእጅ ሲያዙ አንድ አይደሉም፤ የመዶሻው ክብደት ጫፉ ላይ፣ የቢላው እጀታው ላይ ነው። የአዋቂ ራኬት ርዝመቱ 68.5 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ በ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ በጣት ሲያንጠለጥሉት ወደ ራሱ ካዘነበለ መዶሻ፣ ወደ እጀታው ካዘነበለ ቢላ ነው። ወደ ራስ የከበደው ቀላል ሆኖ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ወደ እጀታው የከበደው መረብ አጠገብ ቆሞ ቮሊ ለሚመታና ለክርኑ ለሚሳሳ ሰው ይስማማል።

ብዙ ሻጮች የማያነሡት አንድ ነገር ደግሞ የፍሬሙ ግትርነት ነው። በኩባንያዎቹ መግለጫ ላይ ከ55 እስከ 75 ባለ ቁጥር ይገለጻል። ከ62 በታች ያለው ለስላሳ ሲሆን ኳሱ ሲመታው በመጠኑ ይተጣጠፋል። ከ68 በላይ ያለው ግትር ነው፤ ኃይል አያባክንም፣ ንዝረቱን ግን በቀጥታ ወደ ክርን ይልካል። ክርኑን አሞት የሚያውቅ ሰው ከቀለሙም ከስሙም በፊት ይህን ቁጥር ይጠይቅ።

መጨበጫውና ልጆች

መጨበጫ ከ0 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይለካል። ቁጥር 2 ዙሪያው ከ106 እስከ 108 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 3 ደግሞ ከ109 እስከ 111 ነው። መዳፍዎን ዘርግተው ከመዳፍዎ መካከለኛ መስመር እስከ ቀለበት ጣትዎ ጫፍ ያለውን በማስመሪያ ይለኩ፤ የሚያገኙት ቁጥር የእርስዎ ልክ ነው። ማስመሪያ ከሌለ ራኬቱን ጨብጠው በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ ሥጋ መካከል የሌላኛው እጅዎ አመልካች ጣት ልክ የሚገባ መሆኑን ይዩ። በሁለት ቁጥሮች መካከል ከሆኑ ትንሹን ይውሰዱ፤ ላዩ ላይ ስስ ጥቅል በመጠቅለል ማወፈር ይቻላልና። የወፈረውን ማቅጠን ግን አይቻልም።

የልጆች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። "ያድግበታል" ብሎ ሰፊ ጫማ መግዛት ለወላጅ የተለመደ ነው። ጫማ ቢሰፋ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፤ ረጅም ራኬት ግን መላ የለውም። ልጁ እጀታውን ከመካከል ይይዛል፣ አንጓው ይታጠፋል፣ የተሳሳተው አመታት ይለምድበትና ለማስተው ዓመታት ይፈጃል። የልጆች ራኬት በኢንች ይሸጣል፦ ለአምስትና ስድስት ዓመት 21፣ ለሰባትና ስምንት 23፣ ለዘጠኝና አሥር 25፣ ከዚያም 26 ኢንች፤ 27ቱ የአዋቂ ነው። ዕድሜው ግምት ብቻ ነው፤ ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ወደታች ሲዘረጋ የራኬቱ ጫፍ መሬቱን ነካ የሚያደርግ ከሆነ ልኩ ነው። መሬት ላይ ከተጋደመ ረዝሞበታል።

ኳሱም የልጅ ኳስ አለው። ቀዩ ከመደበኛው በ75 በመቶ፣ ብርቱካናማው በ50 በመቶ፣ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት በ25 በመቶ ይዘገያል። ከ2012 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ዕድሜያቸው አሥርና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በውድድር ላይ በመደበኛው ኳስ እንዳይጫወቱ ደንግጓል። እርግጥ መሣሪያ የጠፋበት ልጅ መንገድ አያጣም። ኢራናዊው መንሱር ባህራሚ በልጅነቱ ኳስ አቀባይ ሆኖ ሜዳው ላይ መጫወት ሲከለከል በመጥበሻና በቆሻሻ ማፈሻ ይለማመድ ነበር፤ በ1989 ለሮላን ጋሮስ የጥንድ ፍጻሜ በቅቷል። ባህራሚን የመሰለ ግን በሺህ አንድ ነው፤ ወላጅ ለቀሪዎቹ ያስብ።

ክሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ክር በሦስት ትላልቅ ወገኖች ሊከፈል ይችላል።

ጥንታዊው የአንጀት ክር ነው። ክራርን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም፤ ቀድሞ የክራር አውታር ከእንስሳ ጅማትና አንጀት ይሠራ ነበርና። ፈረንሳዊው ፒየር ባቦላ ሊዮን ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን የቴኒስ ክር የሠራው በ1875 ነው። ዛሬ የሚሠራው ከከብት አንጀት ሲሆን፣ ከታጠበና ከተሰነጣጠቀ በኋላ ይገመዳል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል። ሰው ሠራሹ ሁሉ እስካሁን አልደረሰበትም፤ እንደ እርሱ የሚለጠጥ፣ ለክንድ የሚራራ፣ ውጥረቱንም ለረጅም ጊዜ የሚይዝ የለም። ነቀፌታው ዋጋው ከናይለን ብዙ እጥፍ መሆኑና እርጥበት አለመውደዱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በእርጥብ ኳስ የሚጫወት ሰው ገንዘቡን በዝናብ እንደሚያሳጥብ ይቁጠረው። የከብቱ አስተራረድ የሚያሳስበው አንባቢም ይኖራል፤ ብይኑን ለዑለሞች ትተን፣ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሰው ሠራሽ ክር ቢይዝ ከጨዋታው የሚያጎድለው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን ብቻ እንገልጻለን።

ሁለተኛው ናይለን ነው። ተራው ናይለን አንድ ወፍራም አስኳል ኖሮት ላዩ በቀጫጭን ክር የተጠቀለለ ሲሆን ርካሽ፣ ሁለገብና ለጀማሪ በቂ ነው። የተሻለው ዓይነት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ቀጫጭን ጭረቶች የተገመደ ሆኖ መልቲፊላመንት ይባላል። የአንጀትን ጠባይ ለመምሰል የተሠራ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ኳሱን ያስፈነጥራል፣ ክንድን አይጎዳም። ሲያልቅ እንደ አሮጌ ገመድ እየተፈተለተለ ስለሚታይ መቼ እንደሚቀየርም ራሱ ይናገራል። በእኛ ግምት ከአሥር የቤተሰብ ተጫዋቾች ለስምንቱ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው።

ሦስተኛው ፖሊስተር ነው፤ የብዙ ክርን ጠላት። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም 66ኛ የነበረው ብራዚላዊ ጉስታቮ ኩርተን ሉክሲሎን የተባለውን የቤልጅየም ፖሊስተር ክር ወጥሮ ሮላን ጋሮስን ሲያሸንፍ ዓለም ዓይኑን ከፈተ። የፖሊስተር ምሥጢሩ መንሸራተቱ ነው። ኳሱ ሲመታ ቁሞቹ ክሮች ወደ ጎን ይንሸራተቱና ኳሱ ሳይለቅ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ በዚህም ኳሱን ያሽከረክሩታል። የተሽከረከረ ኳስ በሙሉ ኃይል ቢመታም ሜዳው ውስጥ ይወድቃል። ራፋኤል ናዳል 1.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ፖሊስተር በ55 ፓውንድ ወጥሮ የሸክላ ሜዳን ሲገዛ የኖረው በዚህ ነው። ነገር ግን ይህን ጥቅም የሚያገኘው ክንዱን በታላቅ ፍጥነት የሚወዘውዝ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው ፖሊስተር ሽቦ ነው። ከዚህም ባሻገር ፖሊስተር ሳይበጠስ ይሞታል፤ ከአሥርና ሃያ ሰዓት ጨዋታ በኋላ መለጠጡ ይጠፋና ድንጋይ ይሆናል። ተጫዋቹም "ገና አልተበጠሰም" እያለ ለወራት በሞተ ክር ክርኑን ይደበድባል። ናዳልን የመሰሉ ተጫዋቾች በየጨዋታው አዲስ የተወጠረ ራኬት ያነሣሉ፤ የቁጠባ ክር ነው ብሎ ፖሊስተር የሚገዛ ሰው ይህን አያስተውልም። ብዙ አሠልጣኞች እስከ 14 ወይም 15 ዓመት ድረስ ልጅን ከፖሊስተር ያርቃሉ፤ እኛም እንስማማለን። በመግቢያችን የጠቀስነው ዓይነት ልጅ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ግትር ፍሬም፣ ፖሊስተር ክርና ከፍተኛ ውጥረት ሦስቱ በአንድ ላይ ሲገናኙበት ነው።

ሁለቱን ማዳቀልም ይቻላል። ፌደረር ቁሞቹን በአንጀት፣ አግድሞቹን በፖሊስተር ይወጥር ነበር። ለእኛ ተራ ሰዎች ቁሙን ፖሊስተር አግድሙን መልቲፊላመንት ማድረግ ክር ቶሎ ቶሎ ለሚበጥስ ጎረምሳ ጥሩ ማስታረቂያ ነው። ውፍረቱን በተመለከተ 1.30 ሚሊ ሜትር መካከለኛ ነው፤ 1.25 ኳስን ይበልጥ ይነክሳል፣ ቶሎም ይበጠሳል። የክሮቹ ብዛትም በፍሬሙ ላይ ይጻፋል፤ 16 ቁምና 19 አግድም ያለው ክፍት ሆኖ ሽክርክሪት ይሰጣል፣ 18 በ20 ያለው ጥቅጥቅ ሆኖ ኳሱን ወዳሰቡት ያደርሳል፣ ክሩም ይበረክትበታል።

ውጥረትና የአዲስ አበባ ሰማይ

ስለ ውጥረት ሰዎች የሚያስቡት ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ የጠበቀ ክር ኳስን የሚያርቅ ይመስላቸዋል። የጠፍር አልጋ ላይ የዘለለ ልጅ ግን እውነቱን ያውቃል። ጠፍሩ ላላ ሲል ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ አዲስ ጠፍር ተስቦ እንደ ከበሮ ሲጠብቅ እግሩን ያመዋል እንጂ አያነሣውም። ክርም እንዲሁ ነው። ላላ ያለ ክር ኃይልና ምቾት ይሰጣል፤ ጠበቅ ያለው ኃይሉን ቀንሶ ቁጥጥር ይሰጣል። ብዮርን ቦርግ የእንጨት ራኬቱን እስከ 80 ፓውንድ ማለትም ወደ 36 ኪሎ ያስወጥር ነበር፤ ይህ ለዛሬ ሰው ምሳሌ አይሆንም። ዛሬ ለናይለን ከ50 እስከ 58 ፓውንድ፣ በኪሎ ከ22.7 እስከ 26.3 ያለው መደበኛ ነው። ለፖሊስተር ከዚያ በአሥር በመቶ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በፍሬሙ ላይ አምራቹ የጻፈው ልክ ስላለ የመካከሉን ቁጥር ይዞ መጀመር ነው፤ ኳሱ ከመስመር ውጭ ከበዛ ሁለት ፓውንድ መጨመር፣ መረብ ላይ ከቀረ ወይም ክንድ ከተሰማ ሁለት መቀነስ። ኪሎና ፓውንድ እንዳይደበላለቁ ግን ለወጣሪው ሰው በግልጽ ይናገሩ።

ይህ ሁሉ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚጫወቱ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን የሚያግደው ጥቂት ነው፤ ፈጥኖም ርቆም ይሄዳል። ሽክርክሪትም የሚሠራው አየርን እየነከሰ በመሆኑ ቶፕስፒን የመታነው ኳስ እንደ ቆላው ፈጥኖ አይወርድም። በተጨማሪም መደበኛው ኳስ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣው በውስጡ የታመቀ አየር ይዞ ነው። የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ የውስጡ ይበረታና ኳሱ እንደ እብድ ይነጥራል። የጨዋታው ዓለም አቀፍ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚገኙ ቦታዎች የተለየ ኳስ የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። ድሬዳዋ በዚህ ድንበር አካባቢ ስትሆን ሐረር፣ ጅማና አዲስ አበባ ግን አልፈውት ሄደዋል።

እንግዲህ ዱባይ በባሕር ዳር ተወጥሮ የመጣ ራኬት አዲስ አበባ ሲደርስ ኳሱን አጥር የሚያሻግረው ለምን እንደሆነ አንባቢ ይረዳል። ልጁም "አልቻልኩበትም" ብሎ ክንዱን እየያዘ በፍርሃት መምታት ይጀምራል። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ኳሱ ነው፤ ለከፍታ ቦታ የተሠራውን ወይም የታመቀ አየር የሌለውን ኳስ መፈለግ። ቀጥሎ ውጥረቱን ከሁለት እስከ አራት ፓውንድ ከፍ ማድረግ ነው። ታላላቆቹም የስዊዘርላንዷ ግሽታድ ወይም ማድሪድ ሲሄዱ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ማድሪድ ደግሞ 650 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ክርኑን የሚያመው ሰው ግን ውጥረት አይጨምር፤ እርሱ ኃይል የማይበዛበትን፣ ጥቅጥቅ ያለ የክር አጣጣል ያለውን ፍሬም ይያዝ። ከደጋ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዶሃ የሚሄድም በተቃራኒው ያላላ።

ውጥረት ደግሞ አይቆይም። ክር ከማሽኑ ላይ ከወረደ ጀምሮ ይላላል፤ ሙቀት ይበልጥ ያላላዋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ራኬት መተው ክሩን መግደል ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ ይጫወታሉ? ሁለት ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት ጊዜ ማስቀየር በአሠልጣኞች ዘንድ የተለመደ ልማድ ነው። ለፖሊስተር ግን ይህ በጣም ትንሽ ነው።

ክርን ሲያም

የቴኒስ ክርን የሚባለው ሕመም ከክርን ውጫዊ ጎን ባለው አጥንት ላይ የሚያያዘው ጅማት ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ልብስ የሚያጥቡ እናቶችና አናጺዎችም ያውቁታል። በቴኒስ ውስጥ ዋነኛው መንስኤ ባክሃንድን ዘግይቶ በአንጓ ብቻ መምታት ነው፤ መሣሪያው ያባብሰዋል። ሕመሙ ከጀመረ ዕረፍት፣ ካልተሻለም ሐኪም ያስፈልጋል። ራኬት መቀየር ሕክምና አይደለም፤ ሲመለሱ ግን ለስላሳ ፍሬም፣ መልቲፊላመንት ክርና ዝቅ ያለ ውጥረት ይዘው ይመለሱ። በክሮቹ መካከል የምትሰካው ትንሽ ጎማ ድምፁን ታለዝበዋለች እንጂ ክርንን አታድንም፤ ሻጮች ግን እንደ መድኃኒት ይሸጧታል።

ያገለገለ ራኬት ሲገዙ

ያገለገለ ራኬት መግዛት የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ጥሩ ግራፋይት ፍሬም በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይቆያል። ይሁን እንጂ የራሱን ዙሪያ በጣት እየዳሰሱ ስንጥቅ ይፈልጉ፤ የቀለም ጭረትና ስንጥቅ ይለያያሉ፣ ስንጥቅ ጥፍር ይይዛል። በመዳፍዎ መታ መታ ሲያደርጉት ከውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ወይም ድምፁ የተሰነጠቀ ሸክላ ከመሰለ ይተዉት። ክሩ በፍሬሙ የሚሾልክባቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ቱቦዎች ተሰባብረው ከሆነ አዲሱ ክር በሳምንት ውስጥ ይበጠሳል። ራሱና እጀታው በአንገቱ ላይ በፕላስቲክ የተገጣጠሙበት ራኬት አሉሚኒየም ነው፤ ለሕፃንና ለሙከራ ይሆናል፣ የታላቅ ተጫዋች ስም ተለጥፎበት በግራፋይት ዋጋ ከተሸጠ ግን ማታለል ነው። በነገራችን ላይ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚይዙት ራኬት ላዩ የሱቁን ቢመስልም ውስጡ ብዙ ጊዜ ለእነርሱ ተብሎ የተሠራ ሌላ ነው። ስለዚህ ስማቸውን ከፍለው ባይገዙ አይቆጩ።

በፍሬሙ ላይ ያለው ክር ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ዕድሜው አይታወቅምና አስቀይሩት። ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ክር ይበቃል፤ ቤተሰቡ ወይም ጓደኛሞች አብረው የሚጫወቱ ከሆነ 200 ሜትር ጥቅል ገዝቶ መከፋፈል ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለም ከራኬት ይልቅ ይህን ጥቅል ቢያመጣ ይሻላል። ወጣሪው ሲጨርስ ቀኑንና ውጥረቱን በትንሽ ወረቀት ጽፎ አንገቱ ላይ እንዲለጥፍ ይጠይቁት። አንድ ክር ከተበጠሰ ደግሞ የቀሩት ፍሬሙን ወደ አንድ ጎን እየሳቡ ያጣምሙታልና እስከ ማግስቱ አይተዉት፤ ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር፣ አንዴ ከቁሙ አንዴ ከአግድሙ እያፈራረቁ ሁሉንም በመቀስ ይቁረጡ።